«መጣሁ» በስፓኒሽ፦ መቼ «ቦይ»፣ መቼ «ቤንጎ»

ስፓኒሽ የሚጀምር አማርኛ ተናጋሪ «ሄደ»ን «ኢር» (እሄዳለሁ፦ «ቦይ»)፣ «መጣ»ን «ቤኒር» (እመጣለሁ፦ «ቤንጎ») ብሎ ያጠናል። ጥንዶቹ ግን ሙሉ በሙሉ አይገጥሙም። የእኛ «መጣ» ወደ ተናጋሪውም ወደ አድማጩም ይሆናል፤ ከባሕር ዳር ሆነን ጣና ዳር ባለችው ደልጊ ላለ ዘመድ ስንደውል «ነገ በጀልባ እመጣለሁ» እንላለን። ስፓኒሽ ተናጋሪ በዚህ ጊዜ የሚለው «ማኛና ቦይ አ ደልጊ» ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ግሱን ሳይመርጡ «ይህን ስናገር የት ነኝ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ጉዞው ተናጋሪው ወዳለበት ከሆነ «ቤኒር»፣ ወደ ሌላ ስፍራ ከሆነ፣ አድማጩ እዚያው ቢኖርም እንኳ፣ «ኢር» ነው።

ቀጥሎ ሕጉን በሦስተኛ ሰው ይፈትኑት። እ.ኤ.አ. በ1603 ኢትዮጵያ የገባው ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ በጣና ሰሜናዊ ዳር በጎርጎራ ኖሯል። ይህን ጎርጎራ ቆሞ የሚተርክ «ፓኤዝ ቢኖ አ ጎርጎራ» (መጣ) ሲል፣ ማድሪድ ያለው «ፓኤዝ ፉዌ አ ጎርጎራ» (ሄደ) ይላል። ጉዞው አንድ ነው፤ ግሱን የለወጠው የተራኪው መቆሚያ ነው።

ሦስተኛው እርምጃ የዕለት ተዕለቱን «መጣሁ» ለሁለት መክፈል ነው። ሲጠሩን «መጣሁ!» የምንለው «ያ ቦይ!» ነው፤ ከተናጋሪው ስፍራ ወደ ጠሪው ይኬዳልና። ለአፍታ ልንወጣ ስንል «መጣሁ» የምንለው ግን «አኦራ ቤንጎ» ነው፤ መመለሻው አሁን የቆምንበት ቦታ ነውና። «አመጣ» እና «ወሰደ»ም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ፦ ወደ ተናጋሪው «ትራኤር»፣ ወደ ሌላ ስፍራ «ዬባር»። ደልጊ ላለ ሰው «ዓሣ አመጣልሃለሁ» ብሎ ከባሕር ዳር የሚደውል «ቴ ዬቦ ፔስካዶ» ይበል።

«ቢሳሳቱስ ከአውዱ ይገባል» የሚል ይኖራል። ፊት ለፊት እውነት ነው። በስልክ ግን «ቤንጎ አ ደልጊ» የሰማ ሰው ደዋዩ ደልጊ የደረሰ ሊመስለው፣ ወደብ ወርዶ መጠበቁንም ሊተው ይችላል። ሌላው ተቃውሞ ካታሎኒያ ውስጥ ወደ አድማጩም «ቤንጎ» የሚሉ አሉ የሚለው ነው። አሉ፤ ይህ ግን ከካታላን ቋንቋ የተወረሰ የአካባቢ ልማድ ስለሆነ ለጀማሪ መነሻ አይሆንም። በእርግጥ መያዝ ያለበት አንድ ልዩ ሁኔታ አብሮ መጓዝ ነው፦ ወደ ሌላ ስፍራ እየሄድንም «ቢዬኔስ ኮንሚጎ?»፣ ከእኔ ጋር ትመጣለህ?፣ ማለት ትክክል ነው፤ ተጋባዡ የሚከተለው ተናጋሪውን ነውና ሕጉ አልፈረሰም። ለልምምድ በቀን ውስጥ «መጣሁ» ወይም «እመጣለሁ» ያሉባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ጽፈው፣ በእያንዳንዱ ጎን የነበሩበትን ቦታ ያስፍሩ፤ ግሱን የሚመርጡት ከዚያ በኋላ ነው።