ድምፅና ድባብ

ተማሪዎች! ባለፈው ክፍል አንድን ቦታ በቃላት ስለ መግለጽ ተምራችኋል። በዚያን ጊዜ የዘረዘራችሁት አብዛኛው በዓይን የሚታይ ነበር። አሁን ወደ ጆሮ እንመለስ።

«ድባብ» በጥሬ ትርጉሙ ለታቦት ወይም ለታላቅ ሰው የሚዘረጋ ጥላ ነው። በሥነ ጽሑፍ ደግሞ በአንድ ትዕይንት ላይ ያጠላውን ስሜት ያመለክታል። ይህን ስሜት በመፍጠር ረገድ ድምፅ አንዳንድ ጊዜ ከሥዕል የበለጠ ኃይል አለው። ለምሳሌ ያህል የቪዲዮ ጨዋታን እንመልከት። በብዙዎቹ ጨዋታዎች መካከል ተጫዋቹ እጁን ሰብስቦ እንደ ፊልም የሚመለከታቸው አጫጭር ትዕይንቶች ይገባሉ።

በ2017 እ.ኤ.አ. ኒንጃ ቲየሪ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ «ሄልብሌድ፦ ሴኑዋስ ሳክሪፋይስ» የተሰኘ ጨዋታ አወጣ። ባለታሪኳ ሴኑዋ የሞተ ፍቅረኛዋን ነፍስ ለማስመለስ ወደ ሙታን አገር የምትጓዝ ተዋጊ ናት። የአእምሮ ሕመም ስላለባት ሌላ ሰው የማይሰማቸው ድምፆች ይሰሟታል። በመክፈቻው ላይ ጭጋግ በሸፈነው ውሃ ታንኳ ስትቀዝፍ እናያለን። ዓይን የሚያየው ከዚህ ብዙ አያልፍም። ጆሮ ግን ዕረፍት የለውም፤ አንዱ ድምፅ በግራ በኩል ያንሾካሹካል፤ ሌላው ከበስተኋላ ያስጠነቅቃል።

ይህ እንዴት ሆነ? ድምፆቹ የተቀዱት የሰው ጆሮ አምሳያ በግራና በቀኝ በተተከለበት ማይክሮፎን ነው። ከግራ የመጣ ድምፅ ወደ ግራ ጆሮ ቀድሞና ጎላ ብሎ ይደርሳል፤ ወደ ቀኙ የሚዘገየው ከአንድ ሺህኛ ሴኮንድ ላነሰ ጊዜ ነው። አእምሮም ከዚህች ኢምንት ልዩነት ተነሥቶ አቅጣጫውን ይለያል። ስለዚህ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ ተጫዋች ሹክሹክታው ከትከሻው አጠገብ የመጣ ይመስለዋል። አዘጋጆቹ የአእምሮ ሐኪሞችንና ራሳቸው እንዲህ ያሉ ድምፆች የሚሰሟቸውን ሰዎች አማክረዋል። «ሴኑዋ ታማለች» ብለው ከመንገር ይልቅ እርሷ የምትሰማውን አሰሙን። ሕመምተኛን ከሩቅ ቆሞ በማየትና በጆሮው በመስማት መካከል ያለውን ርቀት ልብ በሉ!

ለድርሰት ጸሐፊ ማይክሮፎኑ ቋንቋው ነው። አማርኛ ለዚህ ሥራ «አለ» የሚለውን ግስ ያቀርባል፤ ኮሽ አለ፣ ኳ አለ፣ ሲጢጥ አለ እንላለን። እዚህ ላይ «አለ» ተናገረ ማለት አይደለም። ፊተኛው ቃል ሳይለወጥ «አለ» ብቻ ይረባል፤ ይኸውም ኮሽ ይላል፣ ኮሽ ሲል፣ ኮሽ ብሎ። ከአንዳንዶቹም «ታ» ን በመጨመር ስም ይወጣል፤ ለምሳሌ ኮሽታ። የሚያስደንቀው ግን ጸጥ አለ፣ ዝም አለ፣ ጭር አለ የሚሉትም በዚሁ መንገድ መሠራታቸው ነው። ቋንቋችን ዝምታን እንደ አንድ ድምፅ ይቆጥረዋል። ሆኖም ኮሽታ ካልቀደመው ጭርታው አይሰማም።

የሚከተሉትን አነጻጽሩ።

ሀ. ሌሊቱ እጅግ አስፈሪ ነበር። አልማዝ በጣም ፈራች።

ለ. የውጭው በር ሲጢጥ አለ። አልማዝ ኩራዙን እፍ ብላ አጠፋች። ከዚያ በኋላ የራሷ ትንፋሽ ብቻ ይሰማት ጀመር።

«ሀ» ን በተማሪዎች ደብተር ላይ ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። በ«ለ» ውስጥ ፍርሃት የሚል ቃል የለም። ትንፋሹን የምትሰማው አልማዝ ብቻ ስለሆነች አንባቢው ሳያውቀው በእርሷ ጆሮ መስማት ይጀምራል። በሩ ደጋግሞ ሲጢጥ፣ ሲጢጥ፣ ሲጢጥ ቢል ኖሮ ግን ነገሩ ወደ ቀልድ ባዘነበለ ነበር።

መልመጃ

1. ከምሳሌ «ለ» ውስጥ በ«አለ» የተጣመሩትን ግሶች አውጥታችሁ ጻፉ።

2. ምሳሌ «ለ» ን በሩን በከፈተው ሰው ጆሮ እንደሚሰማ አድርጋችሁ እንደገና ጻፉ።

3. መብራት በጠፋበት ምሽት ብቻውን ወደ ቤቱ የሚገባ ልጅ የሚሰማውን በስምንት ዓረፍተ ነገሮች ግለጹ። «አስፈሪ» እና «ፈራ» የሚሉትን ቃላት አትጠቀሙ።