ስንቅሽን አሳዪኝ

ሚጡዬ፣ ቆይ፣ ቦርሳውን አትዝጊው። ካልሲ፣ ጓንት፣ የራስ መብራት፤ ጎበዝ። ስንቅሽስ የታለ? «ካምፕ ያበሉናል» አልሽኝ? እኔም የደን እሳት ማጥፋት በጀመርኩበት ዓመት እንዲሁ ብዬ ነበር።

ማብላቱን ያበላሉ። ጠዋትና ማታ ትኩስ ምግብ፣ ለምሳ ደግሞ ሳንድዊች፣ ፍራፍሬና ብስኩት በከረጢት ይታደላል። ጣጣው ያለው በመሃል ነው። ፈረቃው 16 ሰዓት ይደርሳል፤ እንዲያ ሆኖ 14 ቀን ሊቀጥል ይችላል። የአካል ብቃት ፈተናውን በ45 ደቂቃ 45 ፓውንድ ተሸክመሽ 3 ማይል ሄደሽ አልፈሻል፤ ግን እሱ ሜዳ ላይ ነው። በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ዳገት ላይ ሸክምሽን እንዳዘልሽ ነው ፑላስኪውን፣ ያንን ባንድ ወገኑ መጥረቢያ በሌላው ዶማ የሆነውን፣ እያነሳሽ፣ እሳቱ እንዳይሻገር አፈሩ ራቁቱን እስኪቀር የምትመነጥሪው። ከባድ በሆነ ቀን ሰውነት ከ4,000 እስከ 6,000 ካሎሪ ያቃጥላል። ይህን በቁርስና በእራት ብቻ አትመልሺውም።

በሦስተኛው ቀኔ ረፋድ ላይ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ርሃብ የሚባል ነገር አልተሰማኝም፤ ሙቀትና ጭስ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ዶማው ድንጋይ መታና ከእጄ አምልጦ፣ ከፊቴ የሚቆፍረው ልጅ ተረከዝ አጠገብ ወደቀ። የቡድን መሪያችን ምንም አልተናገረችኝም። ከኪሷ የቀለጠ ቸኮላት አወጣች፣ ወረቀቱን ላጠችና አጎረሰችኝ። ልክ እንደ እማዬ። ያን ቀን ልጁን ምን ላደርገው እችል እንደነበር ሳስብ እስካሁን ሆዴ ይርዳል።

ስለዚህ ራበኝ እስክትዪ አትጠብቂ። በየሰዓቱ ወይ በየሰዓት ተኩሉ የሆነ ነገር ቅመሺ። እኛ እየሄዱ መብላት ነውር ነው፣ ለብቻ መጉረስም ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። እዚያ ቆመሽ፣ በጠቆረ እጅሽ ነው የምትበዪው፤ ማንም አይታዘብሽም።

ቆሎና ዳቦ ቆሎ በግራ ኪስሽ አድርጊ። ጭኮውን ተዪው፣ ቅቤው ይቀልጥብሻል። ከሁሉም የሚሻልሽ የበሶ ጭብጦ ነው፤ አያቶቻችን ዘመቻ ሲወጡ ይዘውት የሚሄዱት ያለ ነገር አልነበረም። በማርና በዘይት ይለወሳል፣ ጨው ጣል ይደረግበታል።

ደግሞ ፍልሰታ እየመጣ ነው። እዚያ የእሳቱ ወራት በሚበረታበት ጊዜ ነው የሚገባው። ከሥጋ መከልከሉ አያስቸግርሽም፤ ቀድመሽ ከተናገርሽ ሥጋ የሌለው ምግብ ይሰጡሻል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምሱ መዋሉ ግን ሌላ ነው። ከመሄድሽ በፊት ንስሐ አባትሽን አነጋግሪያቸው፤ ሥራሽን አንድ በአንድ ዘርዝሪላቸው። በልብሽ ይዘሽው ሄደሽ ተራራ ላይ ብቻሽን አትወስኚ።

ስለ ውኃም ልንገርሽ፣ ይሄንን ወንዶቹ አይነግሩሽም። ሽንት ቤት የለም፣ ቁጥቋጦው ተቃጥሏል፣ አብረውሽ ያሉት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ ስለዚህ ላለመሽናት ብለሽ መጠጣት ትቀንሻለሽ። እኔ አድርጌዋለሁ። አደራሽን፣ አንቺ አታድርጊው። «ዞር በሉልኝ» በያቸው፤ ይዞራሉ። የሚያግልሽ እሳቱ ብቻ አይመስልሽ፤ አብዛኛው ሙቀት ከራስሽ ጡንቻ ነው የሚወጣው፣ ላብሽም ካልተተካ ሰውነትሽ መቀዝቀዝ ያቅተዋል። ሲበረታ በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ፣ በትንሽ በትንሹ ጠጪ። ከጨዋማ ምግብ ጋር ይሁን እንጂ ውኃ ብቻ አትጋቺ፤ የደምሽን ጨው ያቀጥነዋል። ሽንትሽ ኮካ ኮላ ከመሰለ ጡንቻሽ እየተጎዳ ነው፣ ኩላሊትሽንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ያኔ ዶማሽን አስቀምጪና ለመሪሽ ንገሪ። ደካማ ይሉኛል ብለሽ አንድ ሰዓት እንኳ እንዳትጨምሪ፤ ስንቱ ጠንካራ ልጅ በዚያች አንድ ሰዓት ተጎድቷል።

እማዬ የላከችው በሶ ቁም ሳጥኑ ላይ ነው፤ አውርጂው። እኔ ማሩን ላምጣ። ሃያ ጭብጦ ሳንጨርስ አትተኚም።