ዩኒቨርሲቲ ለምትገባ የበየዳ ልጅ

ልጄ፣ ምደባሽ መውጣቱን ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለሽ። ከዚህ ወረዳ ብዙ ተማሪ ሸኝቻለሁ፤ ሳይጨርሱ የተመለሱትንም ተቀብያለሁ። ሰው «ትምህርቱ ከበደው» ይላል። እኔ እንዳየሁት ግን አብዛኞቹን ያስቀራቸው የችሎታ ማነስ አይደለም። ችግር ሲገጥማቸው ለማንም ሳይናገሩ፣ አንዲት ወረቀት እንኳ ሳይዙ ከግቢ ስለጠፉ ነው።

1. «እኔ እዚህ ምን አገባኝ» አትበይ። በ2015 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት 845,099 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ። በቀጥታም ግቢ በሪሜዲያል፣ ከድል ይብዛ ተነስተሽ እዚያ የደረስሽው በራስሽ ጥረት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ናቸው። እዚህ መምህሩ በአማርኛ እያፍታታ ያስረዳሽን እዚያ በእንግሊዝኛ ብቻ ትሰሚዋለሽ። ከአዲስ አበባና ከጎንደር የመጡት ሁሉ የገባቸው ይመስልሻል፤ አልገባቸውም፣ እንዳንቺው ዝም ብለው ነው።

2. ስለ ገንዘብ ከመሄድሽ በፊት ከአባትሽ ጋር በግልጽ ተነጋገሪ። ምግቡንና ዶርሙን መንግሥት በኮስት ሼሪንግ ይሸፍነዋል፤ ለአንድ ተማሪ በቀን 22 ብር የነበረው የምግብ በጀትም በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ተማሪን የሚያስወጣው ግን ትንሹ ወጪ ነው፦ ሳሙና፣ ሞዴስ፣ የሃንድአውት ኮፒ፣ ቧሂትን ተሻግሮ ደባርቅ የሚያደርስ የመኪና ሂሳብ። አባትሽ በግ ሸጦ ብሩን በአንዴ ከሚሰጥሽ በየወሩ እየከፈለ ቢልክልሽ ይሻላል። ሲያልቅብሽ ወደ ተማሪዎች ዲን ቢሮ ሂጂና ለችግረኛ ተማሪ የሚደረግ ድጋፍ ካለ ጠይቂ። መጠየቅ ልመና አይደለም።

3. ውጤትሽን አትደብቂ። ይህን የምልሽ ስለ አንድ ልጅ ነው። እዚሁ ያስተማርኩት፣ ሒሳብ የሚወድ ልጅ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሰኔ ላይ በሒሳብ ኤፍ አገኘ። ክረምቱን እናቱን ገብስ ሲያግዝ ከርሞ ስለ ውጤቱ ትንፍሽ አላለም። ጥቅምት ላይ ጓደኞቹ ሲመዘገቡ እሱ መተማ ሰሊጥ ያጭድ ነበር። በኋላ ስናጣራ ከትምህርት አልተባረረም ነበር! አማካይ ውጤቱ ለመቀጠል የሚያበቃ ነበር፤ ያንን አንድ ኮርስ ደግሞ ቢወስድ ይበቃው ነበር። ይህን የሚነግረው አማካሪ መምህር ነበረው፤ ቢሮውን አንድ ቀን አላንኳኳም። ባሰብኩት ቁጥር ዛሬም ሆዴ ይቃጠላል።

ቪንሰንት ቲንቶ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር ተማሪዎች ለምን እንደሚያቋርጡ ለብዙ ዓመታት አጥንቷል። ያገኘውም ከመምህራንና ከጓደኞቹ ጋር የተሳሰረ ተማሪ በትምህርቱ እንደሚጸና፣ ለብቻው የቀረ ግን ቶሎ እንደሚለቅ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር አማካሪሽ ማን እንደሆነ እወቂ፣ ቢሮውን እወቂ፣ ስምሽን ንገሪው። አብራችሁ የምታጠኑ ሁለት ሦስት ልጆችም ያዢ።

4. ከቤት «እናትሽ ታማለች፣ ነይ» ተብሎ ሊደወልልሽ ይችላል። ታማ ከሆነ ትመጫለሽ። ግን ለእኔም ደውዪ፤ አንዳንዴ ሕመሙ ሽማግሌ ተልኮ ባል ሲታጭ የሚመጣ ነው። ከአባትሽ ጋር የምነጋገረው እኔ ነኝ፣ አንቺ ብቻሽን አትጋፈጪው።

5. አገር ሲታወክ ሕይወትሽን አስቀድሚ። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተልከዋል፤ ከዚያ ተመልሰው ዲግሪያቸውን ያልያዙ ብዙ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ወልድያ ላይ ተማሪዎች ሲገደሉ በየግቢው ስንቱ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። በ2013 ማብቂያ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ድረስ መጥቶ በጭና ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። በእነዚህ ዓመታት ከግቢ የወጣ ልጅ «ፈሪ ነው» ሊባል አይገባውም። የ12ኛ ክፍል ውጤትሽን፣ መታወቂያሽንና የየሴሚስተሩን ግሬድ ፎቶ አንስተሽ በስልክሽም በወንድምሽም ስልክ አስቀምጪ። ግቢው ሲጠራ ማስታወቂያውን ተከታትለሽ በቀኑ ተመለሺ።

6. የመውጫ ፈተናውን ለአራተኛ ዓመት አታቆዪው። በ2015 ሲጀመር ከተፈተኑት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 50 በመቶ አላመጡም። ሃንድአውትሽን ከፍሬሽማን ጀምረሽ አስቀምጪ።

7. መውጣት ግድ ከሆነ በሬጅስትራር በኩል ውጪ። ታመሽ ይሆናል፣ አርግዘሽ ይሆናል፣ ቤት ተቸግሮ ይሆናል፤ አልቆጣሽም። ግን ዊዝድሮዋል ሳትሞዪ ከግቢው በር እንዳትወጪ። ቅጹን ትወስጃለሽ፤ አማካሪሽና የትምህርት ክፍል ኃላፊው ይፈርሙበታል። ከዚያ ክሊራንስ አለ፦ ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ እንደሌለብሽ፣ ፕሮክተሯ ፍራሽና ቁልፍ ማስረከብሽን፣ ካፌው የምግብ ካርድሽን መመለስሽን ያረጋግጣሉ። አንዱ ፈራሚ ለምሳ ወጥቶ፣ ሌላው ስብሰባ ገብቶ ያመላልሱሻል። ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ የሚያስመርር ነው፣ አውቃለሁ። ብዙዎቹ ይህን ሸሽተው ነው ማታ ሻንጣቸውን ይዘው የሚጠፉት። የጠፋ ተማሪ ግን ያልተፈተነው ኮርስ ሁሉ ኤፍ ሊሆንበት ይችላል፤ ኋላ ልመለስ ቢልም የሚከራከርበት ማስረጃ የለውም። በደንብ የወጣ ግን ሪአድሚሽን መጠየቅ ይችላል።

የመመለሻው የጊዜ ገደብ እንደየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ ስለሚለያይ፣ ቅጹን ስታስረክቢ «እስከ መቼ መመለስ እችላለሁ? ማመልከቻ የምትቀበሉት በየትኛው ወር ነው?» ብለሽ ጠይቂ፤ የሚሉሽን ጻፊው። ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ሳትይዢ ከመስኮቱ አትነሺ። ወሩ ሲደርስ ወደ እኔ ነይ፤ ማመልከቻውን አብረን እንጽፋለን።