ፊት ያለው ዋርካ፦ የምናብ ሥዕል በእስክሪብቶ፣ በቡናና በባለ ቀለም እርሳስ

ውድ እህቴ፣ በሰው ቤት ሲሠራ አንዲት ሙሉ ሰዓት የራስ ማድረግ ከባድ እንደሆነ በሥራው ስላለፍኩ አውቀዋለሁ። ለዛሬው ትምህርት ግን አሥር አሥር ደቂቃ ይበቃል። ሥዕሉ ቅብ በቅብ ላይ እየተደረበ ስለሚሠራ፣ አንዱ እስኪደርቅ አንቺ ሥራሽን ትሠሪያለሽ።

እንግሊዛዊው ሠዓሊ አርተር ራካም (እ.ኤ.አ. 1867–1939) የተረት መጻሕፍትን ሥዕሎች የሠራው በዚህ መንገድ ነው። መጀመሪያ በእርሳስ ይነድፋል፣ በጥቁር ቀለም ያጎላዋል፣ ከዚያ ስስ የውኃ ቀለም ደጋግሞ ይቀባዋል። ፊትና ጣት ያላቸው የሚመስሉት ዛፎቹ ዛሬም ይታወቃሉ። እኛም ፊት ያለው ዋርካ እንሣል።

የሚያስፈልግሽ፦ ወፈር ያለ ወረቀት፣ እርሳስ፣ እስክሪብቶ፣ ብሩሽ ወይም ጥጥ፣ የሻማ ቁራጭ፣ ባለ ቀለም እርሳስ፣ ወተትና ስኳር የሌለው ቡና።

1. ግንዱን፣ ቅርንጫፉንና ሥሩን በእርሳስ ንደፊ። የግንዱን ጉጥ ዓይን፣ ስንጥቁን አፍ አድርጊው።

2. መስመሩን በእስክሪብቶ ድገሚው። ቀለሙ በውኃ እንደማይለቅ አስቀድመሽ በሌላ ወረቀት ሞክሪ።

3. ብርሃን የሚያርፍበትን ቦታ በሻማው ፈትጊው። ሰም ውኃ ስለማይቀበል ቦታው ነጭ ሆኖ ይቀራል።

4. በውኃ የቀጠነ ቡና ቀቢ። ሲደርቅ፣ ጥላ ያለበትን ቦታ ብቻ ጠቆር ባለ ቡና ድገሚ። ሳይደርቅ ከደገምሽ ይደበላለቃል።

5. ፈጽሞ ሲደርቅ ቅጠሉን በባለ ቀለም እርሳስ ጨርሺ። እርሳሱ ከቡናው ከቀደመ፣ በውስጡ ያለው ሰም ቡናውን አያስይዘውም።

ጥንቃቄ፦ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በጥንቆላ ተጠርጥረው የተከሰሱ የቤት ሠራተኞች አሉ። ስለዚህ ጠልሰም የሚመስል ምልክት አትሣዪ። የአሠሪዎችሽን ስም ወይም መልክ አታስገቢ። ሥዕሉ ላይ በአማርኛ አትጻፊ፤ ማንበብ የማይችሉት ጽሑፍ ሊያስፈራቸው ይችላል። ትራስ ሥር አትደብቂው፤ ተደብቆ የተገኘ ነገር ጥርጣሬ ያመጣል። ከመጀመርሽ በፊት ለማዳም ንገሪያት፤ የልጆቹንም ቀለም ሳታስፈቅጂ አትንኪ። ፊት መሣል የማይወደድበት ቤት ከሆነ ዛፉን ብቻ ሣዪ። ሥሩን እንደ እባብ ብታጠማዝዢው፣ ቅርንጫፉን እስከ ጨረቃ ብታደርሺው፣ ያለ ፊትም ተረት ይሆናል።

ዛሬ ማታ እርሳሱን ብቻ ጀምሪ። ቡናው ነገ ይደርሳል።