ያልተለመደ ወፍ በሐይቅ ዳር፦ ከማየት ወደ ማስረጃ

ማየት አንድ ነገር ነው፤ ያዩትን ለሌላው ማስረዳት ግን ሌላ ነው። በዚህ ጽሑፍ፣ ከባሕር በራቀ ሐይቅ ላይ የታየ እንግዳ ወፍ እንዴት ወደ ሳይንሳዊ ማስረጃነት እንደሚለወጥ እንመለከታለን። ለምሳሌነት የመረጥነው ጋል የሚባለውን የውኃ ወፍ ነው።

በዝዋይ ሐይቅ የተለመደው ግራጫ ራስ ጋል ርዝመቱ 42 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን የጎልማሳው ምንቃርና እግር ቀይ ነው። በአንጻሩ ከደቡብ ሩሲያ እስከ ሞንጎሊያ ድረስ የሚራባው ፓላስ ጋል ከ57 እስከ 72 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ምንቃሩ ቢጫ ሆኖ ወደ ጫፉ ጥቁር መቀነት አለው። በአውሮፓና በእስያ ብርድ ሲበረታ ወደ ደቡብ ስለሚሰደድ አልፎ አልፎ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ይዘልቃል።

እንግዲህ አንድ ተማሪ «ትልቅ ጋል አየሁ» ቢል ምን ያህል እንመነው? ዓይንም ሆነ ካሜራ በቀጥታ የሚለካው ርዝመትን ሳይሆን ማዕዘንን ነው። በ200 ሜትር ርቀት ያለ የ40 ሴንቲ ሜትር ወፍና በ300 ሜትር ያለ የ60 ሴንቲ ሜትር ወፍ ሁለቱም 0.002 ራዲያን ስለሚይዙ በፎቶግራፍ ላይ እኩል ሆነው ይታያሉ። መፍትሔው እንግዳውን ወፍ መጠኑ ከታወቀ ወፍ ጋር፣ በተቀራረበ ርቀት፣ በአንድ ፎቶግራፍ ማንሣት ነው።

የታወቀው ወፍ 140 ነጥብ፣ እንግዳው 215 ነጥብ ያዙ እንበል። እንግዳው 42 × 215 ÷ 140 = 64.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የታወቀው ወፍ በ200 ሜትር፣ እንግዳው ግን በ190 ሜትር ቢሆኑ ውጤቱ ወደ 61 ዝቅ ይላል። በሁለቱም ስሌት ግራጫ ራስ ጋል ሊሆን አይችልም። ሆኖም ጀርባው የጠቆረው ሌላው ስደተኛ ጋል ከ51 እስከ 64 ሴንቲ ሜትር ስለሚደርስ መጠን ብቻውን አይበቃም፤ የጀርባውና የምንቃሩ ቀለም የግድ መመዝገብ አለበት። ለዚህም ማለዳ ይመረጣል፤ ቀትር ላይ የሞቀው አየር ብርሃንን እያጠፈ ምስሉን ያርገበግበዋልና።

ወፉ በእጅ ቢገኝ እንኳ ቦታውና ጊዜው ካልተረጋገጠ ማስረጃው ጎደሎ ነው። በእንግሊዝ አገር በሄስቲንግስ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1892 እስከ 1930 ተገደሉ የተባሉ ብዙ እንግዳ ወፎች በ1962 በስታቲስቲክስ ሲመረመሩ፣ ብዛታቸው በአጋጣሚ ሊከሠት የማይችል ሆኖ በመገኘቱ ከአገሪቱ መዝገብ ተሰርዘዋል። ምናልባት ከመካከላቸው እውነተኛ የነበሩትም አብረው ጠፍተዋል።

ስለዚህ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የብርሃኑን አቅጣጫ እዚያው እንጻፍ፤ የወፉን መልክ መጽሐፍ ከመግለጣችን በፊት እንመዝግብ፤ ያየነውን ከገመትነው እንለይ፤ ያልተነካካውን ፎቶግራፍም እናስቀምጥ። የአብያታ ሐይቅ ሲሸሽና ጨዋማነቱ ሲጨምር ዓሣው ጠፍቶ ዓሣ በል ወፎች እንደተመናመኑ ያወቅነው ቀድሞ የነበረውን የጻፉ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ዛሬ በጥንቃቄ የምንጽፈው መስመር ነገ ለሚመጣው ተመራማሪ መነሻ ይሆነዋል።