ዕጢ ገቺ ጂኖችና የማህፀን በር ካንሰር

ቁስል የሚሽረው፣ የተላጠ ቆዳ የሚተካው ሕዋሳት (ሴሎች) ስለሚከፈሉ ነው። ሆኖም ሕዋስ እንደፈለገው አይከፈልም፤ የሚቆጣጠሩት ጂኖች አሉ። ከነዚህ መካከል ዕጢ ገቺ (ቲዩመር ሰፕረሰር) የሚባሉት ይገኙበታል። ለዛሬ ሁለቱን እንይ።

አንደኛው አርቢ ይባላል። የዚህ ጂን ፕሮቲን እንደ መኪና ፍሬን ነው፤ የመከፈል ትእዛዝ እስኪመጣ ድረስ ሕዋሱን ይዞ ያቆያል። ሁለተኛው ፒ 53 ነው። ዲኤንኤ ሲጎዳ ክፍፍሉን አስቁሞ ለጥገና ጊዜ ይሰጣል፤ ጉዳቱ የማይጠገን ከሆነ ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ያደርጋል። እያንዳንዱን ጂን ከእናትም ከአባትም ስለምንወርስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ቅጂዎች ካልተበላሹ ቁጥጥሩ አይጠፋም። ይህን ሐሳብ አልፍሬድ ክኑድሰን የሕፃናትን የዓይን ካንሰር አጥንቶ በ1971 እ.ኤ.አ. አቅርቦታል።

ታዲያ ጂኑ ራሱ ሳይበላሽ ቁጥጥሩ ሊጠፋ ይችላል ወይ? አዎ፣ ይችላል! የማህፀን በር ካንሰር ዋነኛ መንስኤ ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ ነው። አደገኛ ከሆኑት ዓይነቶች ግንባር ቀደሞቹ 16 እና 18 ናቸው። የቫይረሱ ኢ 6 የተባለ ፕሮቲን ፒ 53ን ያስፈርሰዋል፤ ኢ 7 ደግሞ አርቢን ከሥራ ውጪ ያደርገዋል። ጂኖቹ ደህና ናቸው፤ የሚያመርቱት ዘበኛ ግን በቦታው የለም። ደግነቱ፣ አብዛኛውን ኢንፌክሽን ሰውነታችን በአንድ ሁለት ዓመት ያስወግደዋል። የቀረውም ወደ ካንሰር ለመለወጥ ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል። ምርመራ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ነገሩ ሩቅ አይደለም። በወልቂጤ አቅራቢያ በሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል ከ500 በላይ የጉራጌ ሴቶች ተመርምረው፣ በ2014 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት ከስድስት ሴቶች አንዷ ገደማ አደገኛውን ኤችፒቪ ይዛ ተገኝታለች። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ የቡታጅራ ጥናት ደግሞ ሴቶችን በሁለት ከፍሎ ለምርመራ ጋበዘ። ናሙናውን ራሳቸው እንዲወስዱ ከተጋበዙት አብዛኞቹ ሲመረመሩ፣ በአቸቶ ተቀብቶ በባለሙያ እንዲታይ ከተጋበዙት ግን ግማሽ ያህሉ ብቻ ተመርምረዋል።

ይህን ቁጥር ሳነብ አክስቴ ትዝ አለችኝ። ቡታጅራ ነበር የምትኖረው። ደም ሲፈሳት "የሴት ገመና ነው" ብላ ለማንም ሳትናገር ቆየች። ሐኪም ቤት ስትሄድ ጊዜው አልፎ ነበር። ናሙናውን ራስሽ ውሰጂ ብትባል ኖሮ እሺ ትል ነበር ብዬ አስባለሁ።

አገራችን በ2018 እ.ኤ.አ. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የኤችፒቪ ክትባት መስጠት ጀምራለች። ክትባቱ ቫይረሱን ከመግባቱ በፊት ይከላከላል እንጂ የገባውን አያስወጣም። ስለዚህ ታናናሽ እህቶቻችን ይከተቡ፤ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ እናቶቻችንና አክስቶቻችን ይመርመሩ። እኛ የተማርነውም ለፈተና ብቻ አይሁን፤ ለእረፍት ቤት ስንገባ ቡና ላይ እናውራው።