ባዶ የፀረ ተባይ ዕቃዎች አያያዝ በፎገራ ሜዳ

ከጉና ተራራ የሚነሡት የርብና የጉማራ ወንዞች የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ሐይቅ ይገባሉ። በክረምት ሞልተው ሲፈሱ ከደጅ የተጣለውን ሁሉ አንሥተው ይወስዳሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ የደረሰው ጎርፍ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ቤተሰቦችን ከቀያቸው አፈናቅሏል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ተፈናቃዩን ሕዝብ የውሃ መቅጃ በእጅጉ ይቸግረዋል፤ ከማሳ ዳር የተገኘ ጀሪካንም እንደ ሲሳይ ይቆጠራል።

አደጋው የሚጀምረው ከዚህ ነው። በሩዝ፣ በሽንኩርትና በቲማቲም ላይ የሚረጨውን ፀረ ተባይ ገበሬው «መድኃኒት» ይለዋል፤ ስሙ ራሱ ያዘናጋል። ዕቃው ባዶ ቢመስልም በጎኑና በክዳኑ ውስጥ መርዝ ይቀራል። ፕላስቲኩም መርዙን ስለሚመጥ በሳሙናም ሆነ በአመድ ቢታጠብ ለውሃ፣ ለዘይት ወይም ለጠላ መያዣ አይሆንም።

ስለዚህ ዕቃው የሚታጠበው መርዙን ለመቀነስ እንጂ ለቤት አገልግሎት አይደለም። እንደተራገፈ፣ ውስጡ ሳይደርቅ፣ ጓንት ያጠለቀ ሰው ሩቡን ያህል ንጹሕ ውሃ ጨምሮ፣ ከድኖ፣ 30 ሴኮንድ ያህል በኃይል ይንጠዋል። እጣቢው ወደ መርጫው ተገልብጦ በዚያው ማሳ ላይ ይረጫል እንጂ ወደ ቦይ አይደፋም። ይህም 3 ጊዜ ይደገማል። ከዚያም የዕቃው ታች ይበሳል። መብሳቱ ቀላል ነገር ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ዕቃው ውሃ እንዳይቀዳበት ከምክር ሁሉ ይልቅ የሚያግደው ይህ ቀዳዳ ነው።

በማሳ ላይ ማቃጠልም ሆነ መቅበር አይገባም። ጭሱ መርዛም ነው፤ የፎገራ መረሬም በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ይተኛበታል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በአገሪቱ የተከማቸው ያረጀ ፀረ ተባይ ከ1,000 ቶን በላይ ወደ ፊንላንድ ተጭኖ የሄደው ከፍተኛ ሙቀት ባለው ልዩ ምድጃ መቃጠል ስለነበረበት ነው። የተበሳው ዕቃ ጎርፍ በማይደርስበት፣ ከውሃ ጉድጓድ በራቀና በሚቆለፍ ቤት ተሰብስቦ ለግብርና ጽሕፈት ቤት ይሰጣል።

በመጠለያ ውሃ የሚያድል ሠራተኛም ከመቅዳቱ በፊት በዕቃው ምን እንደነበረበት ይጠይቅ። ምልክቱ ተልጦ፣ ባለቤቱም የማያውቀው ከሆነ አይቅዳበት። ሆኖም ነጥቆ ባዶ እጁን መስደድ አይበጅም፤ ሰውየው በሌላ ቀን ደብቆ ይመጣልና። ከወረታ ወደ ቀበሌዎቹ የእርዳታ እህል ሲጫን ለዚሁ ልዋጭ የሚሆን አዲስ ጀሪካን አብሮ ይጫን።